የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ ውሃ የማያስገባ ዊንች ለየትኛው መኪና?

ክረምቱ ሲቃረብ ስለ ዊንች፣ ማለትም የተያዘን መኪና በገመድ ጎትቶ ስለሚያወጣው ባለ ሞተር ከበሮ፣ የሚደርሱን ጥያቄዎች ይበዛሉ። ከዘንድሮዎቹ አብዛኞቹ በአንድ ጉዳይ ዙሪያ ናቸው፤ «ውሃ አያስገባም» ተብሎ ጭማሪ ዋጋ የሚጠየቅበት ዊንች ገንዘቡን ያወጣል ወይ? ተቀራራቢዎቹን አንድ ላይ አድርገን መልሰናል።

ጥያቄ፦ በአንድ የእርዳታ ድርጅት የትራንስፖርት ክፍል ውስጥ እሠራለሁ። ለሁለት ላንድክሩዘር 79 ፒካፖች ዊንች ልንገዛ ነው። አንደኛው መኪና ጋምቤላ ሆኖ ወደ ኢታንግ አቅጣጫ ይሠራል። ሁለተኛው ከአዲስ አበባ እየተነሣ በቾና ጅማ አካባቢ ባሉ ገጠሮች ይመላለሳል። አቅራቢው አንድ ተራ፣ አንድ ደግሞ ውሃ እንዳይገባው ታሽጎ «አይ ፒ 67» የተባለ ዊንች አቅርቦልናል። ለሁለቱም ውዱን እንግዛ? (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ ለጋምቤላው ውዱን ይግዙ። ለሁለተኛው ግን የዋጋውን ልዩነት ሌላ ነገር ላይ ቢያውሉት ይሻላል።

መጀመሪያ ሜትር ይያዙና መኪናው እንደ ወትሮው ጭነቱን ይዞ ሜዳ ላይ ቆሞ ሳለ ከመሬት እስከ ዊንቹ ሞተር ግርጌ ያለውን ከፍታ ይለኩ። ዊንቹ ገና ካልተገጠመ የሚቀመጥበትን የባምፐር ወለል ይለኩ። ፋብሪካው ለላንድክሩዘር 70 ቤተሰብ የሚፈቅደው የውሃ ጥልቀት 70 ሳንቲ ሜትር ነው፤ ይህ ግን የቆመ ውሃ ልክ ነው። መኪናው ወደፊት ሲገፋ ውሃው ከፊቱ ይቆለላል፤ ሹፌሩ ከፈጠነ ደግሞ ኮፈኑ ላይ ሁሉ ይወጣል። ዊንቹ ከመኪናው አካል ሁሉ ቀድሞ የሚገባ ስለሆነ ወንዙ ጉልበት ድረስ ብቻ ቢሆንም ሊጠልቅ ይችላል። ስለዚህ ከለኩት ከፍታ ላይ ሃያ ሳንቲ ሜትር ይቀንሱ። መኪናው በሥራው ጠባይ አዘውትሮ ከዚያ በላይ ውሃ የሚገባ ከሆነ ዊንቹ ይጠልቃል ብለው ይወስኑ።

ቀጥሎ መታየት ያለበት የቆይታው ጊዜ ነው። በአንድ ደቂቃ ወንዝ ተሻግሮ የሚወጣ መኪና እና መሐል ላይ ተይዞ አንድ ሰዓት የሚቆም መኪና አንድ አይደሉም። የከፋው ሁኔታ የሚከተለው ነው፤ ሹፌሩ ጭቃ ውስጥ ለረጅም ጊዜ ሲጎትት ቆይቶ ሞተሩ እጅ የሚያቃጥል ሆኗል፤ ወዲያው መኪናው ወደ ቀዝቃዛ ውሃ ይገባል። በሞተሩ ውስጥ ያለው ትኩስ አየር በድንገት ሲቀዘቅዝ ይጨማተራል፤ በቦታው ባዶነት ስለሚፈጠር በጎማ ማሸጊያው ጠርዝ በኩል ውሃ ወደ ውስጥ ይስባል። ተራው ዊንች ላይ የሚስበው ብዙ ነው፤ አይ ፒ 67 የሆነው ላይም ቢሆን ትንሽ ሊስብ ይችላል፤ ምክንያቱን ከታች ባለው መልስ ያገኙታል።

ሦስተኛውና ብዙ ጊዜ የሚረሳው ከውሃው በኋላ የሚሆነው ነው። ንጹሕ የወንዝ ውሃ 12 ቮልትን በቀላሉ ስለማያሳልፍ ተራ የዊንች ሞተር እርጥብ እንደሆነ ጎትቶ ሊያወጣዎት ይችላል። ጉዳቱ የሚመጣው መኪናው ግቢ ገብቶ ሳምንታት ሲቆም ነው። ውስጥ የቀረው እርጥበት ዘንጉን ያዝጋል፤ ለሚዞረው ክፍል ኤሌክትሪክ የሚያቀብሉት ካርቦኖች በቤታቸው ውስጥ ተጣብቀው ይቀራሉ፤ የሶሌኖይዱ (የባትሪውን ኃይል ለሞተሩ የሚከፍትና የሚዘጋው ማብሪያ) ጫፎች አረንጓዴ ሻጋታ ይይዛሉ። ቋሚ ማግኔት ባላቸው ርካሽ ሞተሮች ላይ ዝገቱ ማግኔቱን ከቤቱ ፈልቅቆ ይጥለዋል። የጋምቤላው መኪና ከባሮ ሙላት ወጥቶ በማግስቱ ሜካኒክ ዘንድ የሚደርስ መኪና አይደለም፤ ለእሱ የታሸገውን ዊንች የምንመክረው በዚህ ምክንያት ነው።

ወደ በቾው መኪና እንምጣ። የበቾ ዋልካ ችግሩ ጥልቅ ውሃ ሳይሆን የመሳብ ኃይሉ ነው። ጎማው እስከ ዘንጉ ከሰመጠ በኋላ ዋልካው ከሥር ይዞ ስለሚያስቀር ዊንቹ የመኪናውን ክብደት ብቻ ሳይሆን የጭቃውንም ጭምር ይጎትታል። የተለመደው ስሌት ከነጭነቱ የተፈቀደውን የመኪናውን ክብደት በአንድ ተኩል ማባዛት ነው። ክብደቱን በሹፌሩ በር በኩል ካለው ሰሌዳ ያንብቡ። 3,300 ኪሎ የሚል ከሆነ 4,950 ኪሎ ያስፈልግዎታል። የ9,500 ፓውንድ ዊንች 4,300 ኪሎ ገደማ ስለሆነ አይበቃም፤ የ12,000 ፓውንዱ ግን 5,440 ኪሎ ስለሚሆን ይበቃል። ይህም ቢሆን ከበሮው ላይ የመጀመሪያው ድርብ ገመድ ብቻ ሲቀር የሚገኝ ኃይል ነው። ገመዱ በላይ በላዩ ተደርቦ አራተኛው ድርብ ላይ ሲጎትቱ ከኃይሉ ሲሶው ወይም ከዚያ በላይ ይጠፋል። ስለዚህ የውዱን ዊንች ልዩነት ለ12,000 ፓውንድ አቅም፣ ኃይሉን እጥፍ ለሚያደርግ አንድ ጠንካራ ፑሊ፣ ለዛፍ ማሰሪያ ሰፊ ቀበቶ እና ለሁለት ሻክል (በፒን የሚዘጋ የብረት ማያያዣ) ያውሉት። የሶሌኖይድ ሳጥኑንም ከዊንቹ አናት አንሥተው ኮፈኑ ውስጥ ባትሪው አጠገብ ከፍ አድርገው ያስገጥሙ። ተራ ዊንች ላይ በእርጥበት ቀድሞ የሚሞተው ይኸው ሳጥን ስለሆነ ከፍ ማለቱ ብቻ ዕድሜውን በብዙ ያረዝመዋል።

ለጋምቤላው ሲገዙ ደግሞ አቅራቢውን አንድ ነገር ይጠይቁት፤ አይ ፒ 67 የተባለው ሞተሩ ነው? ሳጥኑ ነው? ጥርሱ ያለበት ክፍል ነው? ሪሞቱ የሚሰካበት ቦታስ? ካርቶኑ ላይ በትልቁ የተጻፈው ቁጥር አንዳንዴ የአንዱ ክፍል ብቻ ሆኖ ይገኛል። በጽሑፍ ይስጥዎት።

ጥያቄ፦ ዊንቼ አይ ፒ 67 ነው። ላቫጆ ሳስገባው በኃይለኛ ውሃ ያጥቡታል። ይህ ጉዳት አለው? (ከሐዋሳ)

መልስ፦ አለው፤ አስቁሟቸው።

ቁጥሩ የሚወጣው አይ ኢ ሲ 60529 በሚባለው ዓለም አቀፍ መስፈርት ነው። የመጀመሪያው አኃዝ ስለ አቧራ ነው፤ 6 ማለት አቧራ ጨርሶ አይገባም ማለት ነው። ሁለተኛው ስለ ውሃ ነው፤ 7 ሲሆን ዕቃው አንድ ሜትር ጥልቀት ባለው ውሃ ውስጥ ለ30 ደቂቃ ተቀምጦ ጎጂ የሚሆን ውሃ አልገባበትም ማለት ነው። 8 ሲሆን ከዚያ የጠነከረ ነው፤ ጥልቀቱንና ሰዓቱን አምራቹ ራሱ ይናገራል፤ ካልተናገረ ይጠይቁ።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚስተው ነገር አለ። በ7 የተፈተነ ዕቃ በ5 እና በ6 የሚፈተነውን ኃይለኛ የውሃ ፍንጥቅ ይችላል ተብሎ አይወሰድም። ጸጥ ብሎ የተኛ ውሃ ማሸጊያውን በእኩል ይጫነዋል፤ የላቫጆው ቀጭን ውሃ ግን የማሸጊያውን ከንፈር ገልብጦ ይገባል። ሁለቱን የሚችል ዕቃ ላይ ሁለቱም ቁጥሮች አብረው ይጻፋሉ፤ ለምሳሌ 66 እና 67። ሌላው ደግሞ የ7ቱ ፈተና ሲካሄድ በውሃውና በዕቃው መካከል ያለው የሙቀት ልዩነት ከ5 ዲግሪ እንዲበልጥ አይፈቀድም። ጎትቶ የጋለ ዊንች ወደ ብርድ ውሃ የሚገባበት ሁኔታ ከፈተናው ውጭ ነው። የሚቻል ከሆነ ወንዝ ከመግባትዎ በፊት ሞተሩ እጅ እስኪያስችል ድረስ ይብረድ።

ዊንቹን የሚያጥቡት በቧንቧ ውሃ በዝግታ ነው። ገመዱን ሙሉ በሙሉ አውጥተው ከበሮውን ያጥቡ፤ ከዚያ ጫና ሳይኖርበት ለአንድ ደቂቃ ያህል ወዲያና ወዲህ ያሽከርክሩት። የሚፈጠረው ሙቀት የቀረውን እርጥበት ያወጣል።

ጥያቄ፦ ቱሪስት ይዤ ወደ ዳሎልና አሳሌ ሐይቅ እሄዳለሁ። እዚያ ጥልቅ ውሃ የለም፤ ቁርጭምጭሚት አይደርስም። ተራ ዊንች ይበቃኛል? (ከመቀሌ)

መልስ፦ አይበቃዎትም። እርስዎ ዘንድ የሚፈራው ጥልቀቱ ሳይሆን ጨው ነው። የጨው ውሃ ኤሌክትሪክ በደንብ ያሳልፋል፤ ስለዚህ ሁልጊዜ ኃይል ያለበትን የባትሪ መስመር ጫፍ እየበላ መዳቡን ይጨርሳል። የአሉሚኒየም ቤቱንና የብረት ቡሎኖቹን ደግሞ በሚገናኙበት ቦታ ያያይዛቸዋል፤ ከዓመት በኋላ ቡሎኑ ሳይፈታ ይሰበራል። ጎማው የሚረጨው ስስ የጨው ጭቃ ራዲያተሩ ፊት ባለው ዊንች ላይ ይደርቅና ሲሞቅ እንደ ድንጋይ ይጠነክራል።

የታሸገ ሞተርና ሳጥን ይግዙ። ከባትሪው ወደ ዊንቹ በሚሄደው የፖዘቲቭ መስመር ላይ ለዊንች የተሠራ ከባድ ማቋረጫ ያስገጥሙ፤ ዊንቹ ሥራ ላይ ካልሆነ ጠፍቶ ይቆይ። ይህ ማቋረጫ በጨው አገር ከአይ ፒ ቁጥሩ ያልተናነሰ ጥቅም አለው። ገመድዎ ብረት ከሆነ ወደ ሰው ሠራሽ ይቀይሩት። ከበረሃው እንደወጡ ንጹሕ ውሃ ያገኙበት ቦታ ላይ፣ በዚያው ቀን፣ ዊንቹን ያለቅልቁ፤ ጨው ደርቆ ካደረ በኋላ ማለቅለቅ ብዙ አያድንም። የባትሪ ጫፎቹንና የሪሞቱን መሰኪያ ለኤሌክትሪክ በተሠራ ግራሶ ይቀቡ።

ጥያቄ፦ አምና የገዛሁት ዊንች ክረምቱን ሠርቶ በጋውን ቆመ። አሁን ሪሞቱን ስጫን «ጠቅ» ይላል እንጂ አይዞርም። ሻጩ ውሃ አያስገባም ብሎኝ ነበር። ልጣለው? (ከአርባ ምንጭ)

መልስ፦ አይጣሉት። «ጠቅ» ማለቱ ራሱ ምልክት ነው፤ ሪሞቱና ሶሌኖይዱ ቢያንስ ትእዛዙን ተቀብለዋል ማለት ነው። ምንም ድምፅ ባይሰማ ኖሮ ማቋረጫውን፣ ፊውዙን እና የሪሞቱን መሰኪያ እንዲያዩ እንነግርዎት ነበር።

መልቲሜትር (የኤሌክትሪክ መለኪያ) ይያዙ። የመኪናው ሞተር ጠፍቶ ባትሪው 12.6 ቮልት አካባቢ ማሳየት አለበት። ከዚያ አንድ ሰው ሪሞቱን ለሁለት ሰኮንድ ብቻ ሲጫን እርስዎ ቮልቱን በሦስት ቦታ ይለኩ፤ በባትሪው ላይ፣ በሶሌኖይድ ሳጥኑ መግቢያ፣ በሞተሩ ጫፎች። ባትሪው ራሱ ከ10 በታች ከወረደ ባትሪው ደክሟል ወይም ሞተሩ ተጣብቆ አልዞር ብሏል። ባትሪው ላይ 12 እያለ ሞተሩ ላይ ከደረሰ በኋላ 7 ወይም 8 ከሆነ ኃይሉ መንገድ ላይ ቀርቷል። አብዛኛውን ጊዜ ጥፋተኛው የነጌቲቭ ገመዱ ነው፤ ሻሲ ላይ ወይም ሞተሩ ግርጌ የታሰረበት ቦታ ከቀለሙ ሥር ዝጓል። ፈትተው ብረቱ እስኪያበራ ያጽዱት፤ ይሰሩት፤ ላዩን ግራሶ ይቀቡ። ዊንቹ ሙሉ ኃይሉን ሲጎትት ከ400 አምፔር በላይ ስለሚጠጣ የነጌቲቭ ገመዱ በቀጥታ ባትሪው ላይ ቢታሰር፣ ውፍረቱም ከ50 ሚሊ ሜትር ካሬ ባያንስ ይመረጣል።

ቮልቱ ሞተሩ ድረስ ደኅና ደርሶ ካልዞረ ካርቦኖቹ ተጣብቀዋል። መጀመሪያ የባትሪ ገመዱን ይፍቱ። ሞተሩን ከዊንቹ ከማውረድዎ በፊት ክዳኑና ቤቱ የሚገጥሙበት ላይ በቀለም ምልክት ያድርጉ፤ አዛውረው ከገጠሙት በተቃራኒው ሊዞር ወይም ኃይል ሊያጣ ይችላል። ሁለቱን ረጃጅም ቡሎኖች ፈትተው የኋላ ክዳኑን ቀስ ብለው ይሳቡ። ቀይ ዱቄት ሲያዩ አይደንግጡ፤ ይህ ዝገት ነው። ካርቦኖቹ በቤታቸው ውስጥ በጣት ሲገፏቸው ወደ ኋላ ሄደው በስፕሪንጉ ኃይል መመለስ አለባቸው፤ ካልተመለሱ አውጥተው ቤታቸውን ያጽዱ። ካርቦኖቹ የሚነኩትን የመዳብ ቀለበት በለስላሳ የአሸዋ ወረቀት ዙሪያውን ይጥረጉ፤ የብረት ማለስለሻ ጥቁሩን ሸራ አይጠቀሙ፤ የሚረግፈው ዱቄት በመዳቦቹ መካከል ገብቶ ያገናኛቸዋል። በመዳቦቹ መካከል ያለውን ቀጭን ቦይ በእንጨት ጫፍ ያጽዱ። ኩሽኔታው ከሻከረ በቁጥሩ ይለውጡት። ሲገጥሙ አዲስ የጎማ ማሸጊያ ያስገቡ፤ ግራሶው ማሸጊያው ላይ እንጂ ካርቦኑ ላይ እንዳይደርስ ይጠንቀቁ።

ሞተሩ ላይ የውሃ መውጫ ቀዳዳ ካለ በሲሊኮን አይድፈኑት። ውሃ የማያስገባ ለማድረግ ብለው የሚደፍኑት ብዙዎች ናቸው፤ ውጤቱ ግን የገባው ውሃና በሙቀት ልዩነት ውስጥ የሚፈጠረው ጤዛ መውጫ አጥቶ እንዲቀር ነው። ቀዳዳው ወደ ታች እንዲያይ ሞተሩ መዞር ካለበት አዙረው ይግጠሙት።

ከጎኑ ያለውን የጥርስ ቤትም አብረው ይክፈቱ። ግራሶው እንደ ማኪያቶ ነጥቶ ከተገኘ ውሃ ገብቶበታል፤ ጠርገው አጥበው አድርቀው አምራቹ ባለው ዓይነትና መጠን አዲስ ያስገቡ። ፍሬኑ በከበሮው ውስጥ ከሆነ እዚያ ግራሶ እንዳይደርስ፤ የተቀባ ፍሬን ቁልቁለት ላይ መኪናውን ይለቃል። ይህን ሥራ በየዓመቱ ዝናቡ እንዳበቃ ቢያደርጉት፣ በጋውን የሚቆም ዊንች ደርቆ ይቆማል።

ጥያቄ፦ ወንድሜ ፎገራ ላይ በሩዝ ሥራ የሚጠቀምበት አሮጌ ላንድክሩዘር አለው። ከዱባይ ዊንች ልልክለት ነው፤ ሁለት ባትሪ ስላለው 24 ቮልት ልግዛ? (ከዱባይ)

መልስ፦ ሁለት ባትሪ ማየት ብቻውን አይበቃም። የአንዱ ፖዘቲቭ ከሌላው ፖዘቲቭ ጋር ከተያያዘ 12 ቮልት ነው፤ የአንዱ ፖዘቲቭ ወደ ሌላው ነጌቲቭ ከሄደ 24 ነው። ወንድምዎ በመልቲሜትር ለክቶ ፎቶ ይላክልዎት። በ12 መኪና ላይ የ24 ዊንች ቢገጠም አቅም ያጣል፤ በተቃራኒው ከሆነ ይቃጠላል።

ፎገራ በክረምት የሚተኛው ውሃ ሰፊና ቀርፋፋ ስለሆነ መኪናው ብዙ ሰዓት እርጥብ ላይ ይውላል፤ የታሸገውን ይግዙለት። መለዋወጫውንም ከዚያው ይላኩ፦ አንድ የካርቦን ስብስብ፣ የማሸጊያ ጎማዎች፣ አንድ ሶሌኖይድ፣ አንድ ሪሞት። ዊንቹ ሲበላሽ አገር ቤት ፈልጎ ለማግኘት የሚያስቸግሩት እነዚህ ናቸው። ገመድ አልባ ሪሞት ያለው ከሆነ ባለ ገመዱም አብሮ መኖሩን ያረጋግጡ።

ጥያቄ፦ ለውሃና ለጭቃ የቱ ገመድ ይሻላል፣ ብረቱ ወይስ ሰው ሠራሹ? (ከጅንካ)

መልስ፦ ውሃ ሰው ሠራሹን አይጎዳውም፤ የሚጎዳው በክሮቹ መካከል የሚገባው ደረቅ አሸዋና የበረሃው ፀሐይ ነው። በእናንተ አካባቢ አሸዋማ የወንዝ መተላለፊያ ስለሚበዛ ከእያንዳንዱ ጉዞ በኋላ ባልዲ ውስጥ ዘፍዝፈው አሸዋውን ያውጡ፤ ከበሮውንም በሸራ ይሸፍኑ። ብረቱ ድንጋይ ላይ ቢታሽ ይችላል፤ ግን ከውስጥ ይዝጋል፤ የተበጠሰ አንድ ክር ሲያዩ ዕድሜው እያለቀ ነውና ያለ ጓንት አይንኩት። ወደ ሰው ሠራሽ ሲቀይሩ የገመድ መውጫውንም ለስላሳ አሉሚኒየም ያድርጉ፤ በብረቱ ጊዜ የተቧጨሩ ሮለሮች አዲሱን ገመድ ይበጥሱታል። ከበሮው ላይ ለብረት ቢያንስ 5፣ ለሰው ሠራሽ ደግሞ 10 ዙር ሳይፈታ ይቅር። ሲጎትቱ ገመዱ መሐል ላይ ከባድ ሸራ ወይም ጃኬት ይጣሉ፤ ማንም ሰው በገመዱ መስመር ላይ አይቁም።

ጥያቄ፦ ውሃ የማያስገባ ዊንች ካለኝ ስኖርክል (የሞተሩን አየር ማስገቢያ ወደ ላይ ከፍ የሚያደርግ ቱቦ) ሳልገጥም ብቆይ ምን አለ? (ከነቀምቴ)

መልስ፦ ይህ አደገኛ ሐሳብ ነው። ዊንቹ ውሃ ስላላስገባ መኪናው አላስገባም ማለት አይደለም። ዊንች ቢበላሽ በሌላ መኪና ይጎተታሉ፤ የመኪናው ሞተር በአየር ማስገቢያው ውሃ ከዋጠ ግን ፒስተኑ ውሃውን መጭመቅ ስለማይችል ዘንጉ ይታጠፋል፤ ጉዞው እዚያው ያበቃል፤ ወጪው ይጀምራል።

ገንዘብዎ ውሱን ከሆነ መጀመሪያ የፊትና የኋላ ዲፈረንሻል፣ የካምቢዮና የትራንስፈር መተንፈሻ ቱቦዎችን ወደ ኮፈኑ ከፍ ያስደርጉ፤ ርካሽ ነው፤ ጥቂት ሜትር ቱቦ ብቻ ይፈልጋል። ሁለተኛ ስኖርክል፤ መገጣጠሚያዎቹ ሁሉ በእርግጥ የታሸጉ መሆናቸውን ያረጋግጡ። ዊንች ሦስተኛ ነው።

ሞተሩ ውሃ ውስጥ በድንገት ከጠፋ ቁልፉን እንደገና አይሞክሩ። መኪናውን አስጎትተው ካወጡ በኋላ የአየር ማጣሪያውን ይክፈቱ። ውስጡ እርጥብ ከሆነ ማሞቂያ ካንዴላዎቹን ፈትተው ሞተሩን በቡሎን መፍቻ በእጅ ያዙሩት፤ ውሃው በቀዳዳዎቹ ይውጣ። በዚያው ቀን የሞተሩን፣ የካምቢዮውንና የሁለቱን ዲፈረንሻሎች ዘይት መውጫ ቡሎን ትንሽ ላላ አድርገው መጀመሪያ የሚወርደውን ይዩት፤ ውሃ ከዘይት ሥር ስለሚቀመጥ ካለ ቀድሞ ይወጣል። የነጣ ወይም የደፈረሰ ዘይት ሙሉ በሙሉ ይለወጥ።